አሥራ ሦስተኛው ቀን

ሌሊት አሥራ አንድ ተኩል፣ መስቀል አደባባይ፣
ሰባተኛው ደረጃ ላይ ተዘርፍጬ ሳይ፣
ከዋክብት፣ ሠፈሩ እንደፈረሰበት ሰው፣
ዓይኔ ውስጥ ሰፍረዋል ሰማዩን ጥለው።
ልጆቹ ያልፉኛል እንደ ነፋስ ቀልለው፣
“አባባ፣ አይዞን!” ይላሉ ሳቃቸውን ውጠው።
አባባ! ሃምሳ እንኳ ገና አልሞላኝም።
(ሁለት ወር ነው የቀረኝ። እሱን አልነግራቸውም።)

ነገሩ የመጣው በብጣሽ ወረቀት፣
ቸርችል ቁልቁለት ላይ ካለ ምርመራ ቤት።
“ስኳርህ ደፍ ላይ ነው፣ ሊያንኳኳ ነው” አለች
ሲስተር እልፍነሽ፣ መነጽሯን ጠረገች።
ያን ዕለት በር ዘጋሁ።
ቅቤን ሸኘሁ፣ ጮማን ተውሁ፣
ማኪያቶን፣ ዶሮ ሳይጮህ፣ ሦስቴ አላውቅህም አልሁ፤
አጃ በውሃ ጠጣሁ፣ ጥሬ ጎመን አኘክሁ፣
መንገድ ላይ ለፍየል የሥጋ ዘመድ መሰልሁ።

ሰንጋ ተራ ሳልፍ ቢራቱ ባለልኳንዳ
“ካስቀየምሁህ ልካስ፣ ጎድን ልክፈል ዕዳ?”
“ጾም ነው” ብዬ ሸሸሁ። ያውም በበዓለ ሃምሳ!
አየኝ ደንግጦ፣ እንደ ተነሣ ሬሳ።

ቤት ደግሞ ሌላ ነው። ማታ ቁሌት ሲንጫጫ
ሽሽቴ ሰገነት ነው፣ የልብስ ማስጫ።
“ቅመስ እንጂ” ብላ ስንዱ ስትጠራኝ፣
ጭልፋውን ሳየው ነው ዕንባ የሚቀድመኝ።

ከዚያ ወዲያ ይኸው፦
ራሴ ወፍጮ ቤት፣ ጉልበቴ ውሃ፣
ምላሴ በረሃ።
ስብሰባ መሃል ሆዴ ንግግር ያደርጋል፣
ሰብሳቢው “ሌላ አስተያየት?” ብሎ ወደኔ ያያል።
ከታክሲ ረዳት ጋር፣ ለአንዲት ብር መልስ፣
ተጣላሁ ከለገሃር እስከ ካዛንቺስ ድረስ፤
እኔ! ጉንዳን እንኳ ረግጬ የማላልፍ!
ሌሊት ባቴ ቋጥሮ ይቀሰቅሰኛል ከእንቅልፍ።
ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ እግሬን እያሸሁ
ነገሩን አሰላሁ፤
“ታመሃል” ሲሉኝ ነው ምንም ያላመመኝ፣
ልድን ብነሣ ግን መዳኑ አሳመመኝ።

እትዬ ጽጌማርያም፣ ሸራ ጫማ አድርገው
በሳምንት አንድ ደረጃ ብቻ የሚጨምሩት ሰው፣
አጠገቤ አረፉ። “ምን በላህ?” አሉኝ።
“ውሃ።”
“ትናንትስ?”
“ጎመን።”
ዝም ብለው አዩኝ።
“አርባ ዘጠኝ ዓመት በጮማ ያባበልኸው፣
ዛሬ በዱላ ‘ና ውጣ!’ ስትለው፣
አይከፋውም?” አሉ።
ከፌስታል አወጡ ግማሽ ድንች በጨው፣
“እንካ። ደረጃው የትም አይሄድ፣ ድንጋይ ነው።”

አልነገርኋቸውም።
አባቴ ፖስታ ቤት፣ ከመስኮቱ ጀርባ፣
ማኅተም እንዳነሣ ጀንበሩ ገባ።
ደብዳቤው ሳይመታ ቀረ፤ የማን እንደነበር
ማንም አልጠየቀም በለቅሶው ግርግር።
ሃምሳ ዓመቱ ነበር። እኔ የምሮጠው
ልደርስበት ይሁን ወይስ ላመልጠው፣
ዛሬም አላውቀው።

ድንቹን በላሁ። ጨው ምላሴን አወቀው።
ከዋክብቱ አንድ በአንድ ዕቃቸውን ጠቅልለው
ከዓይኔ ለቀቁ።
በድልድዩ ላይ ባቡር ባዶውን አለፈ፣
ከስታዲየም ወዲያ ሰማዩ ነጣ፣ ዳር ዳሩን ጻፈ።
ባቴ ግን ያመኛል። ራሴም አልተወኝ፣
ሽቅብ ሳይ አሁንም ትንሽ ያዞረኛል።

እትዬ ተነሡ፣ በጉልበታቸው ተደግፈው፣
ነጠላቸውን አራገፉ።
“ነገ ስምንተኛው ላይ ነኝ” አሉኝ።
“ቁርስህን በልተህ ና።”